ቡልዶዘሩ በአንድ ዶላር፤ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ስለ አገዛዝ የሚነግሩን

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ድንበር ስንሟገት ከርመን ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ላውጋ ብዬ ብነሣ ‹‹ሰውየው ሥራ ፈታ›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ አይደለም። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ያህል አንድ ትውልድ የተማረ የከተማ ሰው ከሥራ መልስና በዕረፍት ቀኑ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አገር ሲገዛ ኖሯል። ግብር ጥሏል፤ ጦር አዝምቷል፤ ከተማ አፍርሷል። እኔም ከገዢዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

የማወራው ስለ ጨዋታ ሁሉ አይደለም። ኳሱን፣ የመኪና እሽቅድምድሙንና ተኩሱን ለሚወዷቸው ትቻለሁ። ነገሬ ተጫዋቹን ከንቲባ፣ ንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ አድርገው ስለሚሾሙት ጨዋታዎች ነው። እነዚህ ጨዋታዎች ሕግ አላቸው፤ ሕጉንም የጻፈው ሰው ነውና ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አንዳች እምነት ተሸክሟል። ሥዕሉ ቢያምር፣ ዜማው ቢጥም፣ እኔ ጨዋታውን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ገዢው ለሚሠራው ሥራ ምን ይከፍላል? (ዘመኖቹ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሲምሲቲ ልጀምር። ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ በ1984 አንድ የሄሊኮፕተር ውጊያ ጨዋታ ሠርቶ ነበር። የሚደበደቡትን ደሴቶች ለመሥራት የሚረዳው መሣሪያ ለራሱ አዘጋጀ፤ ውሎ ሲያድርም ደሴቶቹን በቦምብ ከማጋየት ይልቅ መንገድና ሕንጻ እየቀጠሉ መገንባቱ የበለጠ ደስ እንደሚያሰኘው ተረዳ። ከዚያ የተወለደው ሲምሲቲ በ1989 ገበያ ላይ ዋለ። ጠላት የለበትም፤ የመጨረሻ ድል የሚባል ነገርም የለበትም። ያለው ባዶ መሬት፣ ጥቂት ገንዘብና አንድ ከንቲባ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ንጹሕ ደስታ የሰጠኝ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ነባር ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ ነበር፦ የመኪና መንገድ ጨርሶ አለመሥራትና ከተማውን በሙሉ በባቡር ሐዲድ ማያያዝ። በጨዋታው ሕግ ሐዲድ መጨናነቅ አያውቅምና ነዋሪው ሁሉ ረክቶ ይኖራል። (በ2015 አዲስ አበባ ላይ ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ይህ ዘዴ ትዝ ያላለው የሲምሲቲ ተጫዋች ያለ አይመስለኝም።)

ሕጉ ግን ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። ራይት ብዙውን የቀዳው ጄይ ፎረስተር በ1969 ካሳተመው ‹‹ኧርባን ዳይናሚክስ›› ከተሰኘ መጽሐፍ ነው። ፎረስተር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ መሐንዲስ እንጂ የከተማ ጥናት ሰው አልነበረም፤ ከቀድሞው የቦስተን ከንቲባ ከጆን ኮሊንስ ጋር እየተወያየ ከተማን ወደ ሂሳብ ቀመር ለወጠ፤ ቀመሩንም ለኮምፒውተር ሰጠ። ኮምፒውተሩ ከሰጠው መልስ አንዱ፣ ለድኾች ርካሽ ቤት መሥራት ከተማን ይጎዳል፤ የድኾቹን መንደር እያፈረሱ ቦታውን ለንግድና ለሥራ መስጠት ግን ያለማል የሚል ነበር። መጽሐፉ በጊዜው ብዙ አከራክሯል። ሲምሲቲን የገዛው ተጫዋች ግን ክርክሩን አልገዛም፤ መደምደሚያውን ብቻ፣ ያውም በጨዋታ ተጠቅልሎ፣ ወሰደ።

በ1989ኙ ሲምሲቲ አንድ ካሬ ለማፍረስ ቡልዶዘሩ የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ዶላር ነበር። መንገድ ለመዘርጋት 10 ዶላር ያስፈልጋል፤ የፖሊስ ጣቢያ 500 ይፈጃል፤ ሰፈር ማፍረስ በካሬ አንድ። ካሳ የለም፤ አቤቱታ የለም፤ ‹‹እኛ እዚህ ተወልደን አድገን›› የሚል ሰው የለም። የሕዝቡ ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አዲሱ ሰፈር ሲሞላ ተመልሶ ከፍ ይላል። የወጣው ሰውና የገባው ሰው አንድ ይሁኑ አይሁኑ ጨዋታው አያውቅም፤ ማወቅም አያሻውም።

ይህ ከሰማይ ቁልቁል የሚያይ ዐይን ከጨዋታው በፊትም ነበር። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት በ1936፣ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ገና እንደ ወደቀች፣ ለከተማዋ አንድ ንድፍ ሥሎ ለጣልያን ባለ ሥልጣናት አቅርቦ ነበር። ንድፉ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ሰፊ ጎዳና ያለው ሲሆን ሕዝብ ሲኖርባት የነበረችው ከተማ በላዩ ላይ የለችም፤ እንደ ባዶ ሜዳ ታልፋለች። ንድፉ በወረቀት ላይ ቀረ። ጣልያኖቹ በራሳቸው ፕላን የአራዳን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ደግሞ ስንት ትውልድ ያሳደጉ ቤቶች በቀናት ውስጥ ሜዳ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። የጎዳናውን ማማር አልክድም፤ አመሻሽ ላይ በእግር ለሄደበት ሰው ደስ ይላል። እኔ የምለው፣ ከላይ በድሮን የተነሣውን ፊልም እያየን ‹‹ሲያምር!›› ስንል የምናየው በሲምሲቲ ዐይን ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ዕድርና ዕቁብ አይታይም፤ ከቡና ማጣጫ ጎረቤቱ የተለየ አሮጊትም አይታይም።

በ2013 ሲምሲቲ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። ያለ ኢንተርኔት አልሠራም አለ፤ በወጣባቸው የመጀመሪያ ቀናትም ማዕከላዊ ኮምፒውተሮቹ ጭነቱን አልቻሉምና ከንቲባው ሁሉ ከገዛ ከተማው ደጅ ተሰልፎ ዋለ። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ አይረባም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከነደፉት ሰዎች አንዱ ሲናገር፣ የእውነተኛ ከተሞችን የመኪና ማቆሚያ ስፋት ለክተው ደነገጡ፤ እንዳለ ቢያስገቡት ከተማው ሁሉ ማቆሚያ ሊሆን ነውና ከመሬት በታች እንዳለ ቆጥረው ተዉት። ከታሪክ ውስጥ ምን እንደሚጣል የሚወስነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የውበት ጉዳይ ነው።

ወደ ትልቁ እንለፍ። በሲድ ማየርና በብሩስ ሼሊ እጅ የተሠራው ሲቪላይዜሽን በ1991 ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ይጀምራል፤ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከመጀመሪያው ከተማ አንሥቶ እስከ ጠፈር መርከብ ያደርሳል። ‹‹አንድ ተራ ብቻ›› እያለ ያላነጋ ተጫዋች የለም፤ እኔም ስንቱን ሌሊት አንግቼበታለሁ። በዚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ‹‹ሥልጣኔ›› ለመባል የበቁት ሕዝቦች 14 ሲሆኑ ከአፍሪካ ግብጽና ዙሉ ብቻ ነበሩ። የቀረው ዓለም በካርታው ላይ በትናንሽ መንደሮች ተመስሏል፤ የተጫዋቹ ጦር መንደሩን ሲረግጥ መንደሩ ወርቅ ወይም ዕውቀት ሰጥቶ ከካርታው ይጠፋል። ይጠፋል ስል ቃል በቃል ነው። ማንም ተጫዋች የት ሄዱ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

የአገዛዝ ዓይነቶቹን ማስታወስ ደግሞ ለእኛ ይጠቅማል። ፍጹም አገዛዝ፣ ዘውድ፣ ኮሙኒዝም፣ ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ አሉ። ዴሞክራሲ ንግዱን ያደራል፤ ሙስናን ያጠፋል። ነገር ግን ጦር ከከተማ ሲወጣ ሕዝቡ ያኮርፋል፤ ጠላት ሰላም ሲጠይቅም ሴኔቱ ተጫዋቹን ሳይሰማ ሰላሙን ይቀበላል። በመሆኑም ብልጥ ተጫዋች በሰላም ዘመን ዴሞክራት ይሆናል፤ መውረር ሲፈልግ ‹‹አብዮት›› የሚለውን ይጫንና ጥቂት ተራ በሥርዓተ አልበኝነት አሳልፎ ወደ ሌላው ይዞራል። ዴሞክራሲ እንደ አየሩ ጠባይ የሚለበስና የሚወልቅ ካፖርት ሆነ ማለት ነው። ምክር ቤት ማለት የመሪን ሥራ የሚያሰናክል ነገር ነው የሚለውን ስሜት ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላየሁም፤ እኛ ደግሞ ለዚህ ትምህርት አስተማሪ አንሶን አያውቅም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጨዋታ የገባችው በ2007፣ ለአራተኛው ሲቪላይዜሽን በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው፤ መሪዋም ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ነበሩ። በ2012 ለአምስተኛው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 ለስድስተኛው ዐፄ ምኒልክ መጡ። ያኔ የተደሰትነው ደስታ አይረሳኝም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኮምፒውተር መስኮት ላይ በአማርኛ ሲናገሩ መስማት በውጭ አገር ለሚኖር ወዳጄ ዕንባ ያመጣ ነገር ነበር፤ እኔም ብሆን ፈገግ ብያለሁ።

ከፈገግታው በኋላ ግን ሕጉን ማንበብ ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልዩ ችሎታ ‹‹የዐድዋ መንፈስ›› ይባላል፤ በከተማ ብዛት ከሚበልጣቸው ጠላት ጋር ሲዋጉ ጦራቸው 20 በመቶ ይበረታል። የዐድዋ ጦርነት በመጋቢት 1896 ሲደረግ ተፈሪ መኮንን ገና አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። የ2007ቱ ዘርአ ያዕቆብ ደግሞ ‹‹የኦሮሞ ጦረኛ›› የሚባል ልዩ ነፍጠኛ ተሰጥቷቸዋል፤ ንጉሡ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ሲሆን የኦሮሞ ታላቁ እንቅስቃሴ ወደ ደጋው የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዘመን መዛባቱን ለጨዋታ ብለን እንለፈው። የማላልፈው ሌላ ነው። በ2020ውም ጨዋታ የምኒልክ ልዩ ጦር ‹‹የኦሮሞ ፈረሰኛ›› ነው። ፈረሰኛው በታሪክ ነበረ፤ ዝናውም የተገባው ነው። ነገር ግን በጨዋታው ሕግ አንድ ታላቅ ሕዝብ የመሣሪያ ዓይነት ሆነ፤ እንደ ጎራዴ፣ እንደ መድፍ በከተማ ውስጥ ተሠርቶ የሚወጣ። እንዴት ወደዚያ መንግሥት እንደገባ፣ በስምምነት ይሁን በጦርነት፣ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ሕጉ አይጠይቅም። ዛሬ በአገራችን ሰው እየተቧደነ የሚጣላበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጨዋታው ግን በአንድ ትንሽ ሥዕል ዘግቶት ያልፋል። ምኒልክን የሚያመልከውም የሚረግመውም ተጫዋች ያችኑ ሥዕል ተጭኖ ያዘምታል።

የአራተኛውን ሲቪላይዜሽን ሌላ ሕግ ልጨምር። ‹‹ባርነት›› የሚባል የአገዛዝ ምርጫ አለው፤ ተጫዋቹ ሕንጻ ቶሎ እንዲያልቅለት ሲፈልግ ከከተማው ሕዝብ ቀንሶ ይሠዋል። ዋጋው? ለ10 ተራ የሚቆይ አንድ የተከፋ ፊት። ሊቃውንቱ ተጫዋቾች ለጨዋታው መጀመሪያ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብለው ተስማምተዋል፤ በሂሳቡ ልክ ናቸው። አራተኛውን ዛሬም ከሁሉም የምወደው መሆኑን ሳልደብቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ረኀቡንም እናንሣ። ዐፄ ምኒልክ በ1889 ሲነግሡ አገሪቱ ክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ጣልያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ከ1888 እስከ 1892 ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። ዐድዋ የዘመተው ጦር ከዚያ መዓት የተረፈ ሕዝብ ልጅ ነው፤ የዘማቹም ስንቅ ከዚያው ገበሬ ጎተራ የወጣ ነው። በሲቪላይዜሽን ረኀብ ሲመጣ የከተማው ቁጥር ከ7 ወደ 6 ይወርዳል። ለምኒልክ የተሰጣቸው ችሎታ ‹‹የሚኒስትሮች ምክር ቤት›› ተብሎ በ1907 ያቋቋሙትን ያስታውሳል፤ ኮረብታ ላይ የቆሙ ከተሞቻቸውም ይለመልማሉ፤ እንጦጦን ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ዝርዝሩን አጥንተውታል። ገባሩ ግን ከዝርዝሩ የለም።

በየካቲት 2025 የወጣው ሰባተኛው ደግሞ መሪንና ሕዝብን ለያይቷቸዋል። አክሱም አለች፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሊመራት ይችላል። ዘመን ሲለወጥም ተጫዋቹ ሥልጣኔውን ይቀይራል፤ አክሱም ሆኖ የጀመረ በሚቀጥለው ዘመን ሌላ ሕዝብ ይሆናል። ብዙ ነባር ተጫዋች ተቆጥቷል፤ እኔም እንደ ተጫዋች ለከተሞቼ የነበረኝ ፍቅር ቀዝቅዞብኛል። ነገር ግን ‹‹ሦስት ሺህ ዘመን ሳይቋረጥ›› እያልን ላደግን ሰዎች፣ መንግሥት ስሙንም ሰዉንም እንደሚለውጥ የሚነግረን ጨዋታ መምጣቱ አይከፋም።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሌላ ዓይነት ነው። ሲቪላይዜሽን በተራ የሚጫወቱት ሲሆን ይህኛው ተራ አይጠብቅም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። የእኛ ሰንጠረዥ ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር፦ በመጀመሪያው ወረራ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወደ ተራ ይገባሉ። የ1999ኙ ሁለተኛ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለ ጨዋታ ነው፤ በ2015 በወጣ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው ገብተውበታል። እዚህ ቢያንስ ገበሬ አለ፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ያርሳል፤ ሲጠሩት በአማርኛ ይመልሳል። የሚገዛው በ50 ምግብ ነው፤ አይደክምም፤ ደመወዝም እርሻም አይጠይቅም። የምር የተገረምኩት በሌላ ነው፤ ከዘመቻዎቹ አንዱ የሚሄደው በዮዲት በኩል ነው። በእኛ ትውፊት ጉዲት ተብላ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች የተባለችውን ንግሥት፣ ተጫዋቹ ከእርሷ ወገን ሆኖ አክሱምን ይወጋል። የታሪኩን እውነትና ተረት መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ የተረገመው ሰው ወንበር ላይ መቀመጥን ግን ከብዙ የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ይልቅ ይህ ጨዋታ ደፍሮታል።

ኸርትስ ኦፍ አይረን የተባለው አራተኛ ጨዋታ የሚጀምረው በጥር 1 ቀን 1936 ነው፤ በ2022 በወጣ ተጨማሪ ክፍል ለኢትዮጵያ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ማይጨው ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ማንም ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ይህን አይቶ ምን እንደሚሞክር መናገር አያሻም፤ እኔም ሞክሬያለሁ፤ ሮማንም ሸንጎ ፊት አቁሜያለሁ። ሲያልቅ የቀረኝ ስሜት ደስታ አልነበረም። ጨዋታው ሰውን የሚያውቀው ‹‹የሰው ኃይል›› በሚል የክምችት ቁጥር ነው፤ የሰናፍጭ ጋዝ ያወረዱት ቁስል በክምችት ቁጥር አይነገርም።

በ2022 የወጣው ሦስተኛው ቪክቶሪያ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ የታሪክ ምሁር ነው። 1836 ላይ ይጀምራል፤ ለእኛ ዘመነ መሳፍንት መሆኑ ነው። እዚህ ሕዝብ በሥራው፣ በሃይማኖቱና በባህሉ ተለይቶ ይቆጠራል፤ የእህል ዋጋ ሲንር ድኻው ያኮርፋል፤ ጭሰኝነትን ላንሣ የሚል ገዢ የባለ ርስቶችን ዐመፅ ይጋፈጣል። ገዢው ይከፍላል! ጨዋታነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ብዙ ጊዜ የሂሳብ መዝገብ እንደ መመርመር ነው፤ ሁለት ሰዓት ተጫውቼ ያዛጋሁበት ምሽት ጥቂት አይደለም። ጥሩ ታሪክና ጥሩ ጨዋታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

አብረው የሄዱበትን አንድ አውቃለሁ። ሉካስ ፖፕ በ2013 ብቻውን ሠርቶ ያወጣው ፔፐርስ ፕሊዝ ተጫዋቹን ከዙፋኑ አውርዶ ከድንበር ኬላ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዘመኑ በ1982 መጨረሻ፣ አገሩ አርስቶትስካ የተባለች የፈጠራ አገር ነው። ሥራው ፓስፖርት መመርመርና ማኅተም መምታት ብቻ። ለአንድ ሰው 5 ብር ያህል ይከፈላል፤ ሁለት ስሕተት በማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት ነው። ማታ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ይጠብቃሉ፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ባል ያልፋል፤ ከኋላው ሚስቱ ትመጣለች፤ የእርሷ ወረቀት ጎደሎ ነው። ማለፍ ማለት ከልጅ መድኃኒት ላይ መቀነስ ነው።

በዚያው በ1982 እኛ አገር ሰው ከአገር ለመውጣት መውጫ ቪዛ ይለምን ነበር፤ ስኳርና ዘይት ለመግዛት ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ይሰለፍ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠውን ሠራተኛ እንደ ድንጋይ አድርገን ነበር የምናየው። ፖፕ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል አልጻፈም፤ ነገር ግን ያን ሠራተኛ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚቆጥራትን ሳንቲም ጨምሮ፣ ያሳየኝ እርሱ ነው። ይህ ጨዋታ አያስደስትም፤ ደጋግሜ የምከፍተው ግን ይህን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባሉ ወጣቶች በ2018 ‹‹ኩኩሉ›› የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥተዋል። ዙፋን የለበትም፤ ካርታም የለበትም። ተጫዋቹ ሊይዛት ከሚያባርራት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ነው። በአሠራሩ ከሌሎቹ የሩጫ ጨዋታዎች እምብዛም አይለይም፤ ጥቂት ደቂቃም ይበቃዋል። የጎረቤቴ ልጅ ግን በበዓል ዋዜማ፣ እናቷ ዶሮ ስትገነጥል፣ ከጎኗ ተቀምጣ ስትጫወተው ተመለከትኩ። አንድ ጊዜም ለገበሬው አላገዘችም።